ናፍቆትና ዝክር፤ በጉለሌ የሸማኔ ጉድጓድ ዳር

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በጉለሌ መንደሮች ውስጥ ልጅነቱን ያሳለፈ ሰው፣ ዐይኑን ጨፍኖ የቀድሞውን ኑሮ ባሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ በጆሮው የሚመጣው የሸማኔው መወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲመላለስ፣ ማጉም በድሩ ላይ ሲጠቀጠቅ የነበረው ድምፅ ነው። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት እየፈተሉ በብዙ ወራት ያጠራቀሙትን ፈትል ይዘው ወደ ሸማኔው ቤት በሄዱ ጊዜ፣ ጋቢውን የማን እጅ እንደ ፈተለው፣ የማንስ እጅ እንደ ሸመነው ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ በሽሮ ሜዳ ሱቆች ከእጅ ሥራው ጎን ጥለቱ በመኪና የታተመበት፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጨርቅ ተሰቅሎ ሲታይ፣ የዚያን ዘመን ሰው ልቡ ይታወካል፤ «ሥራ ሥራ የነበረው፣ ዕቃም ዕቃ የነበረው ያን ጊዜ ነው» ይላል።

ይህ ናፍቆት በጎ ኅሊና ነውን ወይስ ፈተና? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጠቢቡ ሰሎሞን በመክብብ መጽሐፍ፣ የፊተኛው ዘመን ከአሁኑ ስለ ምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ ከጥበብ የሚወጣ እንዳይደለ ይመክራል። በኦሪት ዘኍልቍም እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ በግብፅ የበሉትን ዓሣና ሽንኩርት እያሰቡ እንዳለቀሱ ተጽፏል፤ ሽንኩርቱን ሲያስቡ ጭቃውንና ጡቡን፣ የአስገባሪውንም በትር ረሱ። የናፍቆት ፈተና ይህ ነው፤ ጣዕሙን ያስቀርና ድካሙን ያስረሳል፤ ይልቁንም ድካሙ የሌላ ሰው በሆነ ጊዜ።

የእኛ ሽንኩርት ምን ነበር? በባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት የተጋገረ እንጀራ ሽታው እስከ ዛሬ ድረስ ከአፍንጫችን አልጠፋም። ዛፉ በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ መጥቶ፣ ማገዶ ያጣችውን ከተማ ከመፈለስ ያዳነ ስለ ሆነ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ያን ቅጠልና ጭራሮ ከእንጦጦ ተራራ ለቅመው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ እስር በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ ዐይናቸው ከመሬት ሳይነሣ በጉለሌ ቁልቁለት ይወርዱ የነበሩትን፣ ዛሬም የሚወርዱትን እናቶች ሳያስብ የእንጀራውን ሽታ ብቻ የሚናፍቅ ሰው፣ የሌላውን ጀርባ ለራሱ ትዝታ ማገዶ አድርጎታል።

ስለ ሸማኔውም ነገሩ እንዲሁ ነው። በጉለሌ የሰፈሩት ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አገር የመጡ ናቸው። እኛ የእርሱን መወርወሪያ ድምፅ ዛሬ እንደምንናፍቅ፣ እርሱም ያን ጊዜ እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አግብቶ፣ ከንጋት እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ ሲሸምን ቀዝቃዛ ደጋውን ይናፍቅ ነበር፤ መስቀል በቀረበ ጊዜም ስንቁን ቋጥሮ ወደ ወገኖቹ ይገሠግሥ ነበር። ይህን በልጅነታችን ማንም አልነገረንም። እኔም ሕፃን ሳለሁ እናቴን ተከትዬ ፈትል ልናስረክብ በሄድን ጊዜ «ለፋሲካ ታደርስልኛለህ?» ስትለው፣ በዕድሜ አባቷ የሚሆነው ሰው «እግዜር ካለ ይደርስልዎታል፣ እመቤቴ» ብሎ ሲመልስላት ሰምቻለሁ፤ እርሷ «አንተ» እርሱ «እርስዎ» መባባላቸው ያን ጊዜ አልከነከነኝም። ከቤቱም ገብተን እንዳንበላ እንከለከል ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ በልጅነታችን እንኳ በአፋችን ይገኝ ነበር። ከዚህም ወዲህ ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ትምህርት ትማራላችሁ እየተባሉ ተወስደው፣ በዚችው ከተማ ከጉድጓዱ ዳር ረጅም ሰዓት ሲሸምኑ መኖራቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ ያ ዘመን ሁሉ ይመለስ ብሎ የሚመኝ ሰው ይህን ጨምሮ መመኘቱን ይወቅ።

ይሁን እንጂ ያለፈው ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። አዳም ከመበደሉ በፊት ገነትን ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ታዝዞ ነበርና፣ እርግማን የሆነው ድካሙና ወዙ እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም በእጁ ድንኳን ይሰፋ ነበር። መልአኩ ገብርኤል ብሥራቱን ይዞ በመጣ ጊዜ እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበር ሊቃውንቶቻችን አስተምረውናል፤ ሠዓሊዎቻችንም እንዝርቷን ከእጇ ሳይለዩ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥለዋታል። የጌታ ቀሚስ ስፌት የሌለው፣ ከላይ እስከ ታች ወጥ ሆኖ የተሠራ እንደ ነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ መስክሯል፤ የሠራውን ሸማኔ ስም ግን የጻፈ የለም። ተግባረ እድ እንዲህ ከፍ ብሎ በሥዕል ተሥሎልን ሳለ፣ በሸማኔው ነጠላ መስቀለኛ አጣፍተን ለእንጦጦ ማርያም እየሰገድን ሸማኔውን መናቃችን ታላቅ ተቃርኖ ነበር።

መፍትሔው ቤተ ክርስቲያን ካስተማረችን ከተዝካር የሚገኝ ይመስለኛል። ናፍቆትና ተዝካር ሁለቱም ያለፈውን ያስባሉ፤ ነገር ግን ናፍቆት ከሟቹ ዘመን ለራሱ አንዳች ይፈልጋል፤ ተዝካር ግን ስለ ሟቹ ለነዳያን ይሰጣል። በ40 ቀን ተዝካር የምናወጣለት ሰው ነውር የሌለበት ስለ ነበር አይደለም፤ ይቅርታ የሚያስፈልገው ሰው ስለ ነበር እንጂ። ዘመንም እንዲሁ ነው፤ ውበቱን ከነበደሉ አስበን፣ ስለ ውበቱ አመስግነን፣ ስለ በደሉ ዕዳውን የከፈልንለት ዘመን በእውነት የተዘከረ ዘመን ነው፤ ውበቱን ብቻ ለይተን የወሰድንለት ግን የተዘረፈ ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ያለፈው ዘመን ተመልሶ አይመጣም፤ የሸማኔው ልጅ ግን ዛሬም በጉለሌ ከጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ አለ። የልጅነትህን ድምፅ ናፍቀህ ወደ ሽሮ ሜዳ በወጣህ ጊዜ በትዝታህ ብቻ ተጽናንተህ አትመለስ፤ የእጅ ሥራውን ለይተህ ግዛ፤ የሠራውን ሰው ስሙን ጠይቀው፤ በዕድሜ ቢበልጥህ «እርስዎ» በለው፤ ዋጋውንም ሳታጎድል ክፈለው።