የኔ ቢጤ ማን ነው?

በደጅ ቆሞ የሚለምነውን ሰው አባቶቻችን «የኔ ቢጤ» ብለው ይጠሩታል። ይህ ስም ትልቅ ትምህርት የተሸከመ ስም ነው። ለማኙን ከሰጪው የሚለየው የዕለት ሁኔታ እንጂ ባሕርይ እንዳልሆነ፥ ዛሬ የሚሰጥ እጅም ነገ የሚቀበል እጅ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ነገር ግን ቃሉ በአፋችን ሲመላለስ ከመኖሩ የተነሣ ትርጓሜው ከልባችን ርቋል። በሰንበት ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ለየኔ ቢጤው ሳንቲም እንጥላለን፤ ሲመሽ ግን ወዴት ገብቶ እንደሚያድር አንጠይቅም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ቤት ለሌለው ወንድማችን ያለብን ዕዳ በምጽዋት ብቻ ይፈጸማልን? ወይስ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ይፈለግብናል?

ከመገናኛ ተነሥቶ በገርጂና በሰሚት በኩል እስከ አያት የሚሄድ ሰው፥ እንዲሁም በቦሌ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ የሚመላለስ ሰው፥ ቀን ቀን የሚያየው ረጃጅም ሕንፃና ሰፊ መንገድ ነው። ያው ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቢመለስ ግን በድልድይ ሥር፥ በሱቅ በረንዳና በአጥር ጥግ በካርቶንና በላስቲክ ተጠቅልለው የሚያድሩ ሽማግሎችን፥ ሕፃን ያቀፉ እናቶችንና ወጣቶችን ያያል። ከተማይቱ አንዲት ስትሆን ለቀንና ለሌሊት ሁለት መልክ አላት።

የራሳችንን በደል ሳንናገር ሌላውን መውቀስ አይገባንም። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለኪዳን ጸሎት ስንቻኮል፥ በገርጂ አካባቢ በአንድ አጥር ሥር ላስቲክ ተከናንቦ የተኛ ሰው አየን። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ጥቂት ቆም ብለን ተመለከትነው፤ ነገር ግን ጸሎቱ እንዳይታጐልብን ብለን አለፍነው። ከጸሎቱ በኋላ፥ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቈስሎ የወደቀውን ሰው አይቶ ያለፈው ካህን ትዝ አለን፤ ያ ካህን ማን እንደ ሆነም ሌላ ተርጓሚ አላስፈለገንም። ተመልሰን ብንሄድ ከእርጥብ ካርቶን በቀር ያገኘነው የለም። በአጠገቡ ያለውን ሕንፃ የሚጠብቀውን ዘበኛ ብንጠይቀው፥ «አባታችን፥ እሱ እኮ ሥራ ገብቷል። እዚያ ማዶ ከሚሠራው ፎቅ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል። የተከራየው ክፍል ዋጋ ቢጨመርበት ለቆ ነው እዚህ የሚያድረው» አለን። እኛ ሥራ ፈት መስሎን ያለፍነው ሰው ለሌሎች ቤት የሚሠራ ሰው ነበር።

በዚያች ዕለት የተማሪነታችንን ዘመን አሰብን። ደበሎ ለብሰን፥ አኮፋዳ አንግተን፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ከመንደር ወደ መንደር ስንዞር ውሻ ያባርረን ነበር እንጂ ሰው አያባርረንም ነበር። ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ስንሻገር በመንገድ ቢመሽብን በማናውቀው ሰው ደጅ ቆመን «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» እንላለን። ከውስጥ የሚመጣው መልስ «ቤት ለእንግዳ» የሚል ነበር። እግራችን ይታጠባል፥ ከምድጃው አጠገብ ቦታ ይሰጠናል፥ ከልጆቹ ድርሻ ተቆርሶ እንበላለን። ባለቤቱ ማን እንደ ሆንን የሚጠይቀን ከበላን በኋላ ነው።

ይህ ደግ ልማድ በከተማ ለምን ደከመ? ሰው ሁሉ ጨካኝ ስለ ሆነ ነው ብንል እውነቱን አልተናገርንም። የከተማው ቤት ጠባብ ነው፤ እንግዳውም አንድ አይደለም፥ ብዙ ነው፤ የሌባም ፍርሃት አለ። በመንደር ለመሸበት መንገደኛ የተሠራው ሥርዓት፥ ዓመቱን ሙሉ ለሚመሽበት ሰው አልበቃም። ስለዚህ ቀድሞ አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ያደርገው የነበረውን ዛሬ ማኅበር ሆኖ ማድረግ ያስፈልጋል።

ይህም ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኆች፥ ለሕሙማንና ለእንግዶች የሚሆን ትልቅ መጠጊያ አሠርቶ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ደግሞ፥ ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ መቀበያ አላት ብለው እጃቸውን የሚያጥፉትን ምእመናን ገሥጾ፥ እያንዳንዱ በቤቱ ለክርስቶስ የተለየች አንዲት ክፍል እንዲያኖር አስተምሯል። ሁለቱ አባቶች አይቃረኑም። ማኅበሩ መሥራቱ የእያንዳንዱን ዕዳ አያስቀርም፤ የእያንዳንዱም ቸርነት የማኅበሩን ሥራ አይተካም።

የደጉን ሳምራዊ ሥራ በተራ ብንመለከተው ይህን ሁሉ ያስተምረናል። አስቀድሞ አየ፤ ቀጥሎ ቀረበ፤ ቍስሉን ለይቶ አሰረ፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ሁለት ዲናር ከፍሎ፥ የጐደለውን ተመልሶ እንደሚከፍል ቃል ገባ። እኛ ብዙ ጊዜ ከማየት ወደ ዲናሩ እንዘልላለን፤ መቅረብና ቍስሉን መለየት ይቀራል።

ቍስሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ልጆቹ የሞቱበትና ጧሪ ያጣ ሽማግሌ አለ። አእምሮው የታመመ፥ ጠበልም ሐኪምም የሚያስፈልገው አለ። ከእንጀራ አባት ዱላ የሸሸ ሕፃን፥ ፀንሳ ከሠራተኝነት የተባረረች ልጅ አለች። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ከተነሣው ጦርነት ጀምሮ ከቀዬው የተፈናቀለ አለ። እንደዚያ ሲሚንቶ ተሸካሚ ደመወዙ ከኪራዩ ያነሰበትም አለ። ለእነዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት መስጠት፥ ዓይኑ ለታመመና እግሩ ለተሰበረ አንድ ቅባት እንደ መቀባት ነው። የትኛው ቍስል የማን እንደ ሆነ የሚታወቀውም ስሙን፥ አገሩንና የወጣበትን ምክንያት ጐንበስ ብሎ በመጠየቅ ነው።

በዚሁ በምሥራቁ የአዲስ አበባ ወገን ይህን የፈጸሙ አሉ። የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ አማካይነት በአያት አካባቢ በጥቂት ሰዎች ተጀመረ። ስሙን የሚሰማ ሁሉ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ለቅዱስ ጳውሎስ የታየውን፥ ተሻግረህ እርዳን ያለውን የመቄዶንያ ሰው ያስባል። ዛሬ ከየጐዳናው የተነሡ በሺሕ የሚቈጠሩ አረጋውያንና ሕሙማን ይታጠባሉ፥ ይመገባሉ፥ ይታከማሉ። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን ይበቃል የሚለው መመሪያቸው የእምነትና የነገድ ወሰን የለውም። በ2017 ዓ.ም. ሕዝቡ በአገር ውስጥም በውጭም ሆኖ በቀጥታ ሥርጭት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ብር ማዋጣቱ፥ የሚያስተባብረው ካገኘ ርኅራኄው እንዳልጠፋ ይመሰክራል።

ሆኖም በምእመናን አፍ የሚመላለሱ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው «ሰነፍ ነው፤ ሠርቶ ይብላ» የሚል ነው። ሰነፍ የለም አንልም፤ ነገር ግን ዝናብ ሲወርድበት ያደረ ሰው በጧት ለሥራ ብርታት ከየት ያገኛል? በፊንላንድ አገር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ሥካርህን ተው፥ ሥራ ያዝ ከማለት በፊት የቤት ቁልፍ መስጠት ይቀድማል ብለው ቢሠሩ በጐዳና የሚያድረው ሰው ቍጥር ቀነሰ። ሳምራዊውም ቍስለኛውን በሌሊት ለምን ተጓዝህ ብሎ አልመረመረውም።

ሁለተኛው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፥ የመንግሥትም ሥራ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤት ተወርሶ የቀበሌ ቤት ለድኃ በጥቂት ኪራይ ተሰጠ፤ በ1990ዎቹ ማለቂያ በገርጂ ሙከራው የታየው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ ወደ ሰሚት፥ ወደ አያትና ወደ ቦሌ አራብሳ ተስፋፋ። ነገር ግን ለዕጣ የሚቈጥብ ሰው የሚቈጥበው ያለው ሰው ነው። ከዚያ በታች ያለውን የሚያውቀው ጎረቤቱ፥ እድሩና ንስሐ አባቱ ነው።

ሦስተኛው «ከተማችን መልኳ እንዳይበላሽ ከዚህ ይራቁ» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ድኃን ከዓይን ማራቅ ድህነትን ማራቅ አይደለም፤ ከተማንም የሚያቆሽሻት በውስጧ የተኛው ምስኪን ሳይሆን ምስኪኑን የረገጠ እግር ነው።

አሁን ለአንባቢው የሚከብደውን ነገር እንናገር። በአንድ እጁ ለነዳያን ዝክር እየዘከረ፥ በሌላው እጁ በየስድስት ወሩ ኪራይ እየጨመረ ተከራይን የሚያስወጣ ክርስቲያን፥ ራሱ ያቈሰለውን ሰው ራሱ እንደሚያስታምም ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ተቈጣጣሪው ከወሰነው በላይም ኪራይ እንዳይጨመር ደንግጓል። ሕጉን የሚጠብቅ ቅጣትን ያመልጣል፤ ክርስቲያን ግን ከሕጉ አልፎ፥ ይህች እናት ከዚህ ብትወጣ ወዴት ትገባለች ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። በጐዳና የወደቀን አንሥቶ ከማጠብ ይልቅ እንዳይወድቅ መደገፍ ይቀላል፤ ዋጋውም በእግዚአብሔር ዘንድ አያንስም።

እንግዲህ የሚቻለውን እንጀምር። እድሮቻችን ለሞተ ድንኳን እንደሚተክሉ፥ ከመውጫው ሣጥን ጥቂት ከፍለው ኪራይ ላነሰው አባል የሁለት ወር መደገፊያ ያኑሩ። ሰንበቴና ማኅበር ከሚጠምቁትና ከሚጋግሩት ቀንሰው በአጥቢያቸው የሚያድሩትን በስም ይመዝግቡ፤ የታመመውን ወደ ሕክምና፥ አገሩን የሚናፍቀውን ወደ ዘመዶቹ ያድርሱ። ሰበካ ጉባኤያችንም ስለ አጥር ግንብና ስለ እብነ በረድ ሲመክር፥ ከአጥሩ ውጭ ስለሚተኙት ይምከር። እኛ ካህናትም ወደ ኪዳን ስንገሠግሥ ለማቆም የሚበቃ ጊዜ ይዘን እንነሣ።

ጥቅምት 14 ቀን የሚታሰበው ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ሲሆን በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ተኝቶ፥ የቤቱ አገልጋዮች እየናቁት ኖረ። አባቱ ልጁ መሆኑን ያወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በመጨረሻው ቀን፥ እንግዳ ሆኖ መጥቶ የተቀበሉትንና ያልተቀበሉትን እንደሚለይ ነግሮናል። ያን ጊዜ የሁለቱም ወገኖች ጥያቄ አንድ ነው፤ መቼ አየንህ የሚል ነው። እኛ ግን አየን፤ አላየንም ለማለት አንችልም። የኔ ቢጤ ማን እንደ ሆነ ከሞቱ በኋላ ሳይሆን ዛሬ ሳይመሽ እንድናውቅ፥ በቤተ ልሔም ማደሪያ ያጣው አምላካችን ልቡናችንን ይክፈትልን። አሜን።