99 በጎችና አንዲት በግ

 

ባለፈው ጁሙዓ ቃሊቲ ከሶላት ስንወጣ፣ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ የጨረሱ አንድ አባት የአክሲዮን ሰርተፍኬታቸውን አሳዩኝ። «ኡስታዝ፣ ትርፉ የት ደረሰ ብዬ ብጠይቅ በድምፅ ብልጫ ተወስኗል አሉኝ። በድምፅ ከተሸነፍኩ ሐቄም አብሮ ሄደ ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የሱረቱ ሷድን ታሪክ አስታውሱ። ሁለት ባለጉዳዮች ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ዘንድ ገቡ። አንዱ 99 በጎች አሉት፤ ሌላው አንዲት ብቻ። ባለብዙው እሷንም ጠየቀ፤ በንግግርም አሸነፈው። ዳውድ ግን በጎቹን ቆጥረው አልፈረዱም። በደል ነው አሉ፤ ብዙ ሸሪኮችም እንደሚበዳደሉ ተናገሩ።

ትርፍ አለመከፋፈሉ ብቻውን በደል አይደለም፤ ለሥራው ማስፋፊያ ከሆነ ሁሉም እኩል ይጠብቃል። አብላጫው ግን በአበልና ለዘመድ በሚሰጥ ውል እየወሰደ ትንሹን «ታገሥ» ካለ፣ ያቺን አንዲት በግ ወስዷል።

የአገራችን ሕግም ይህን በደል ያውቀዋል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከካፒታሉ 10 በመቶ የያዙ ባለአክሲዮኖች ኩባንያው እንዲመረመር ማመልከት እንዲችሉ ፈቅዶ ነበር፤ በ2013 የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1243ም ጥበቃውን አስፍቶታል። ግን በየሰፈሩ የተበተነ ድርሻ 10 በመቶ የሚሞላው ባለቤቶቹ ሲገናኙ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ድርሻ ያለህ፣ ከጉባኤ አትቅር፤ ውክልናህን ለማታውቀው አትፈርም፤ ከመሰሎችህ ጋር ተማከር። አብላጫው በእጅህ ያለ ደግሞ፣ ድምፅ ሥልጣን ይሰጥሃል፤ የሰው ሐቅ ግን አይሰጥህም። ቃለ ጉባኤው ቢጸድቅም፣ አላህ ፊት የሚቀርብ ሌላ ሒሳብ አለ።