የዛሬ ሰው የነገ መሰላል ነው?

«የኔስ አልፏል፤ ለነሱ ይለፍላቸው።» ይህችን አባባል በስደት ያለን ሁሉ እናውቃታለን። ስንላትም ከልባችን ነው። ግን ልክ ናት ወይ?

ጥያቄውን አጥብቆ ያነሣ አንድ ሩሲያዊ ስደተኛ ነበር፤ አሌክሳንደር ሄርዘን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1812 ሞስኮ ተወለደ። ገበሬ ከነመሬቱ በሚሸጥበት አገር አድጎ ሶሻሊስት ሆነ። በ1847 ከአገሩ ወጣ፤ ተመልሶም አላያት። በ1848 ፓሪስ ውስጥ ለእንጀራቸው የተነሡ ሠራተኞች በጥይት ሲጨፈጨፉ በቅርብ ሆኖ ተከታተለ። «ከወዲያኛው ዳርቻ» የተባለው መጽሐፉ የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

በዚህ መጽሐፍ የሚሟገተው እንዲህ ብሎ ነው፦ በሕይወት ያለውን ሰው «ለሚመጣው ትውልድ ስትል ዛሬህን ተው» ብሎ ማዘዝ ለማንም አልተሰጠም። ግቡ በየዓመቱ እየራቀ ከሄደ ሰውየው እየተታለለ ነው። ይህን ያለው ለውጥ የሚጠላ ሰው ቢሆን ባልገረመኝ፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ለለውጥ የታገለ ሰው ነው።

እርግጥ ሄርዘን የባለጸጋ ልጅ ነው። ደሞዝ ጠብቆ ሐዋላ የሚልክ ሰው አልነበረም። እኛ ካልላክን ከመሶብ የሚጎድል አለ። ቢሆንም «ለራስህ ብቻ ኑር» አላለም። ከ1857 ጀምሮ ለንደን ላይ «ደወል» የተባለ ጋዜጣ አሳተመ፤ ጋዜጣው በድብቅ ሩሲያ እየገባ ስለ ገባሮች ነፃነት ተሟገተ። ገባርነት በ1861 በአዋጅ ቀረ። ሄርዘን ጊዜውንም ገንዘቡንም ሰጥቷል፤ ግን ማንም ሳያዝዘው፣ ወዶ ነው።

ለኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ወዶ መስጠት ልክ አለው፤ ወንድም እስኪመረቅ፣ የእናት ቤት ቆርቆሮ እስኪለብስ ይባላል። መሰላል ግን ልክ የለውም፤ አንዱ ወጥቶ ሲጨርስ ሌላው እግሩን ያነሣል። መሰላሉን ደክሞህ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ስንልክ «እስከ መቼ?» የሚለውን ከቤተሰብ ጋር በግልጽ እንነጋገር። ትንሽም ብትሆን በስማችን እናስቀምጥ። የዕረፍት ቀን ያገኘ ሰው ቀኑን ይኑርበት፤ ያላገኘም ይጠይቅ፣ ማኅበሩም አብሮት ይጠይቅ። «ሲያልፍልኝ እኖራለሁ» እያልን የምናሳልፈው ጊዜም ከዕድሜያችን ላይ ይቆጠራል። ላኪዋም እኮ የዚያው ቤት ልጅ ናት። «ይለፍላቸው» ሲባል እሷንም ይጨምር።