ትዕግሥት የማን ሀብት ነው?

መከራን ታግሦ ትምህርቱን የፈጸመ ተማሪ በተመሰገነ ጊዜ፣ ብዙዎች «ልቡ ብርቱ ነው» ብለው ያልፋሉ። ብርታት ከልብ ብቻ የሚፈልቅ ከሆነ ግን፣ በመካከል የደከመው ተማሪ ልበ ደካማ ነበረ ማለት ይሆናል፤ ይህም ፍርድ ሳይመረመር ሊሰጥ የማይገባው ነው።

የቅኔ ተማሪን አኗኗር መመልከት ነገሩን ይገልጠዋል። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዘመዶቹ ፈልገው እንዳይመልሱት ከአገሩ ርቆ ይሄዳል። የወሎውን ልጅ በጎጃም ዋሸራ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ውሻ ይጮኽበታል፤ ውሻና ተማሪ ወዳጅነት እንደሌላቸው የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ የሚችለው ግን ልቡ ከድንጋይ ስለ ተሠራ አይደለም። ልመናው የትምህርቱ ሥርዓት እንጂ ውርደት እንዳይደለ እርሱም ያውቃል፤ ቍራሽ የምትሰጠው ባልቴትም ታውቃለች። ቢታመም ጓደኞቹ ለምነው ያበሉታል። ሥራውም በመጠን ተከፍሎለታል፤ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ወደ ሦስቱ ቤት ዘአምላኪየ አልፎ፣ እያደር ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቅኔው ቢበላሽ መምህሩ ያርመዋል፤ ነገም ሌላ አዲስ መቍጠር ግዴታው ስለ ሆነ፣ የዛሬው ውድቀት ዕድሜው አንድ ቀን ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ወደዚሁ ይቀርባሉ። ኤሚ ወርነር ከባልንጀሮቿ ጋር፣ በሃዋይ ካዋይ በምትባለው ደሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 የተወለዱትን 698 ልጆች ለብዙ ዓመታት ተከታትላ ነበር። በድህነትና በቤት ሁከት መካከል ካደጉት ከሦስቱ አንዱ ያህል ደኅና ሰው ሆኖ ተገኘ። ለእነዚህ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ፣ ከወላጅ ውጭም ቢሆን የሚታመኑበት ታላቅ ሰው ማግኘታቸው ነበረ።

የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ብዙ ጊዜ ከአገሩ ርቆ ይመደባል። መኝታና ምግብ ቢያገኝም፣ ችግሩ እንደ ቅኔው ተማሪ ችግር የታወቀ ስም የለውም። በአገሩ አንደኛ የነበረው ልጅ በመጀመሪያው ፈተና ሲወድቅ ውጤቱን ይሸሽጋል፤ እናቱ ስልክ ስትደውል «ደኅና ነኝ» ይላል። ይህን ዝምታ ትዕግሥት ብሎ መጥራት ስሕተት ነው።

ላዛሩስና ፎክማን የተባሉት ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው መከራን የሚቋቋምበትን መንገድ በሁለት ወገን ያዩታል፤ አንዱ የመከራውን ምክንያት ማስወገድ፣ ሁለተኛው ልብን ማረጋጋት ነው። ሒሳብ የከበደው ልጅ ወደ መምህሩ ሳይሄድ ራሱን ማጽናናት ብቻ ቢይዝ አይጠቅመውም። አባቱ የሞተበት ደግሞ ሌሊቱን በጥናት ቢያነጋ ኀዘኑ አይለቀውም፤ እርሱ የሚያለቅስበት ሰው ያስፈልገዋል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለወጣት ከባድ ስለ ሆነ መካሪ ይሻል፤ መካሪው ግን ለሁሉም «ታገሥ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ቃሉ ለተናጋሪው ምንም ዋጋ እንደማያስከፍለው ማሰብ ይገባዋል።

በቅኔው ጉባኤ አንድ ልጅ ሲታጣ ወዲያው ይታወቃል፤ የቆጠረውን ቅኔ የሚሰማ መምህር አለና። ብዙ መቶ ተማሪ በሚሰበሰብበት አዳራሽ ግን፣ አንዱ ሳምንት ሙሉ ከአልጋው ባይነሣ ስሙን የሚጠራ ላይኖር ይችላል።