የማይጠቅም ፍጥረት አለን?

የስም አወጣጣችን በራሳችን ላይ ይመሰክርብናል። ልብስ የሚበላውን ብል አልነው፤ በመብራታችን ወድቆ የሚቃጠለውን የእሳት ራት አልነው። አንዱን የምናውቀው በጉዳቱ፥ ሁለተኛውን በሞቱ ነው። ከእኛ ጋር ያልተገናኘው ሕይወታቸው ግን አልተጠየቀም። እንግዲህ ሰውን የማይጎዳ፥ የማይጠቅምም ፍጥረት ቢገኝ ዋጋው በምን ይመዘናል?

በሰሜን እንግሊዝ አገር፥ በፔናይን ተራሮች፥ ሊቃውንት ኮሊዮፎራ አልቲኮሌላ የሚሉት ትንሽ የእሳት ራት አለ። ክንፉ ተዘርግቶ ቢለካ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ረግረጋማ የግጦሽ ሜዳ ቄጠማ መሰል ሣር ይበቅላል። እናቲቱ በሙቀቱ ወራት ዕንቁላሏን በአበባው ትጥላለች፤ ትሉም ከፍሬው ገብቶ ዘሩን ይበላል። ሲያድግ ከአፉ በሚያወጣው ሐር ነጭ ቤት ይሠራል፤ የብርዱ ወራት ሲቃረብም ወደ ምድር ወርዶ በዚያው ቤቱ ይሸሸጋል።

በዚሁ አገር ሞር ሀውስ የሚባለው ስፍራ በ1952 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ መጠበቂያ ሆነ፤ ተመራማሪዎችም በየከፍታው ፍሬ እየሰበሰቡ ትሉን ቈጠሩ። ሣሩ ከትሉ ይልቅ ወደ ተራራው ራስ ይዘልቃል፤ ከፍ ባለው ስፍራ ግን ከብርዱ የተነሣ ዘሩ ብዙ ጊዜ አይበስልም፤ ዘር ከሌለ ትሉም የለም። ዘሩ በሚበዛበት በታችኛው ስፍራ ደግሞ ጥቃቅን ተርብ መሰል በራሪዎች በትሉ ላይ ይራባሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን እነዚህ ጠላቶቹ ያንሳሉ።

ከዚህ ተነሥቶ፥ ጥጋብ ባለበት ጠላት ይበዛል፥ ራብ ባለበት ሰላም ይሆናል የሚል ሰባኪ አይጠፋም። ለጆሮ ይጥማል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ፍጥረቱን ለምሳሌያችን ብቻ የምንፈልገው ከሆነ ለትርፉ ከሚፈልገው ነጋዴ በምን ተለየን? እርሱ ለኪሱ፥ እኛ ለአንደበታችን ፈለግነው።

ትሉ ዘር ሰረቀ ማለትስ ይቻላልን? ፈቃድ በሌለበት በደል የለም፤ ሣሩም ቢሆን ዘሩ ተበልቶበት ከሥሩ እያቈጠቈጠ ይኖራል። ጎጂ የሚለው ቃል የእኛን ጎተራ እንጂ የትሉን ባሕርይ አይናገርም። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈውም የሚበርረውና በምድር የሚንቀሳቀሰው ሁሉ መልካም የተባለው ሰው ከመፈጠሩ አስቀድሞ ነው። በዚያን ጊዜ ጎተራ አልነበረም፤ ጥቅምና ጉዳት የሚቈጥርም አልነበረም።

ይህን ማለቴ ገበሬው እህሉን ለነቀዝ ይተው ማለት አይደለም። ጎተራውን ይጥረግ፥ እህሉንም ፀሐይ ያስመታ።