ስለ ደጃፍ መንገድ

ወደ ቤታችን የሚያደርሰው መንገድ የማን ነው? ምድሩ የእኛ ቢሆንም የሚረግጡት እንግዳው፣ ድኻውና ለጸሎት የሚመጣው ካህን ናቸው። ስለዚህ ድንጋዩን ማንሣት፣ ጭቃውንም መጥረግ ለሚመጣው ሰው የሚከፈል ዕዳ ነው።

ነገር ግን ክረምት በገባ ጊዜ በላስታ ተዳፋት ሌላ ፈተና ይነሣል። የራሱን ደጅ ለማድረቅ ጎርፉን ወደ ጎረቤቱ የሚመልስ ሰው ደጁን ቢያጸዳ ልቡን አሳድፏል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈሉ አባቶቻችን የዝናቡን መውረጃ ቦይ አብረው ጠርበዋል፤ መሄጃ ያላገኘ ውኃ አለትንም ይጎዳልና።

በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት እንደ ታነጸች የሚነገርላትን ገነተ ማርያምን የምንሳለም እኛም ቦያችንን ከጎረቤታችን ጋር ተማክረን እንቅደድ። ንጹሕ ደጅ የሚባለው ሌላውን ሳያሳድፍ የጸዳው ነው። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን።