መዝገቡ በማን እጅ ነው?

ስም ሲወጣ ማን ይጠየቃል? ሕፃን ሲወለድ አያት አለ፤ ክርስትና ሲነሣ ካህን አለ። ሰፈር ሲቆረቆር ግን ስም አውጪው ብዙውን ጊዜ አይታወቅም። እኔ በምኖርበት በለቡ «ሙዚቃ ሰፈር» የሚባል አለ። ተሳፋሪው አለው፣ የታክሲ ረዳቱ ጮኾ ጠራው፣ ጸና። አንድ ባለሥልጣን ተነሥቶ «ከነገ ጀምሮ በዚህ ስም እንዳትጠሩት» ቢል የሚሰማው የለም። የዚህ ዓይነቱ ስም መዝገቡ የሰው አፍ ነው።

የኢንተርኔት ስም እንዲህ አይደለም። እዚያ ስም የሚኖረው በመዝገብ ከተጻፈ ብቻ ነው፤ መዝገብ ያዡ የሰረዘው እንደሆነ ሺህ ሰው ቢጠራውም የሚያደርስ መንገድ የለውም። «ዶት ኮም» ብንል «ዶት ኢቲ»፣ ሁሉም በመጨረሻ የሚወጣው ወደ አንድ የበላይ መዝገብ ነው። ቅጂዎቹ በዓለም ዙሪያ ተበትነዋል፤ በ13 ስሞች የሚጠሩትን፣ 12 ድርጅቶች ያስተዳድሯቸዋል። ዋናው ግን አንድ ነው። ይህን መዝገብ በኃላፊነት የያዘው አይካን የተባለ፣ በ1998 በካሊፎርኒያ ሕግ የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። እስከ 2016 ድረስ ደግሞ በመዝገቡ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ የአሜሪካን የንግድ ሚኒስቴር ይሁንታ ይጠብቅ ነበር። የኛም ጭምር።

«ዶት ኢቲ» እዚያ መዝገብ ላይ የገባችው በ1995 ነው። ቴሌ ለሕዝብ ኢንተርኔት ማቅረብ የጀመረው ግን በ1997። ልጁ ሳይወለድ ስሙ ወጥቶለት ነበር ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ መዝገቡን ይዞ የነበረው ጆን ፖስቴል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ነው። በ1994 ባወጣው አጭር ሰነድ፣ የአንድን አገር ስም የሚያስተዳድር ወገን ባለአደራ እንጂ ባለንብረት አይደለም፤ ስለ መብትና ስለ ባለቤትነት ከሚሟገት ስለ ኃላፊነቱና ስለ አገልግሎቱ ቢያስብ ይሻለዋል የሚል ሐሳብ አሰፈረ። ይህ ለአበሻ ጆሮ እንግዳ ነገር አይደለም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እየተባልን ነው ያደግነው። ግን አደራ ከሆነ ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩ አደራውን የበላ እንደሆነስ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ጥያቄውን ቁልጭ አድርጎ ያሳየው የ«ዶት አፍሪካ» ሙግት ይመስለኛል። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ፣ ዶት ኮኔክት አፍሪካ በተባለው ድርጅታቸው አማካይነት የአህጉሩን ስም ለማስተዳደር ተነሡ። በ2009 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ከነበሩት ከዣን ፒንግ የድጋፍ ደብዳቤ አገኙ። በ2010 ኅብረቱ ድጋፉን መልሶ አነሣ፤ ኋላም አንድ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት መረጠ። የአይካን ደንብ የአህጉር ስም የሚጠይቅ አመልካች ከአህጉሩ መንግሥታት የ60 በመቶውን ድጋፍ ያምጣ ይላል፤ ለማመልከቻው ብቻ የሚከፈለው 185 ሺህ ዶላር ነበር። በ2013 አይካን የሶፊያን ማመልከቻ አቋረጠ። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። በ2015 ነጻ የግልግል ዳኞች አይካን የገዛ መተዳደሪያ ደንቡን ተላልፏል ብለው ወሰኑላቸው። ከዚያም ማመልከቻው እንደገና ታይቶ የመንግሥታቱን ድጋፍ አላሟላም ተባለ፤ ነገሩ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2017 ስሙ ለደቡብ አፍሪካው ድርጅት ተሰጠ፤ በ2019 ፍርድ ቤቱ ለአይካን ፈረደ።

ከለቡ ታክሲ ይዞ ሜክሲኮ የወረደ ሰው የኅብረቱን ፎቅ አንጋጦ ያየዋል። እዚያ ቤት የተሰጠና የተነሣ ቃል ያስከተለው ሙግት የተዳኘው ካሊፎርኒያ ነው። በዚህ የሚቆጭ ሰው ብዙ ነው፤ ቁጭቱም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። አንዲት ሴት ያን የሚያህል ድርጅት ዳኛ ፊት አቁመው፣ ደንብህን ጥሰሃል የሚል ውሳኔ በጽሑፍ አስወጥተዋል። ቢረቱም የተሟገቱት በር ላይ ቆመው አይደለም፤ ገብተው ነው። እዚሁ ቤታችን ቢሆን በሩ የቱ ነበር?

የ«ዶት ኢቲ»ን መዝገብ ለዓመታት የያዘው ቴሌ ነው። መንገዱን ይሸጣል፣ ስሙንም ይሰጣል፣ ዝጋ ሲባልም የሚዘጋው እሱ ነው። በ2020 ክረምት አገሩ ሁሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ሲቀር ስሙ በመዝገብ ተጽፎ መኖሩ ለማንም አልጠቀመም። በኖቬምበር 2022 ዓለም ስለ ኢንተርኔት አስተዳደር ሊመክር እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኢሲኤ አዳራሽ ተሰብስቦ ነበር። በትግራይ አብዛኛው ሕዝብ ከመስመር ከወጣ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። «ባለድርሻ አካላት» የሚለው ቃል በዚያ ስብሰባ ስንት ጊዜ እንደተነሣ አንባቢ ይገምት።

የቤት ዕቃ የሚሠሩ አንድ የለቡ ጎረቤት አሉኝ። የሱቃቸው ታፔላ ላይ «ዶት ኮም» ተጽፏል።

«ለምን የአገሩን ስም አልወሰዱም?» አልኳቸው።

«የአገሩን ወስጄ የተጣላሁ እንደሆነ የት እሄዳለሁ ልጄ? ፈረንጁ ቢያንስ አያውቀኝም» አሉኝ።

አያውቀኝም ማለት አይጠላኝም ማለት ነው፤ ገባኝ። አይሰማኝም ማለትም ግን ነው። ያን ስም በየዓመቱ ኪራይ እየከፈሉ ነው የያዙት፤ ኪራዩ ቢጨመር ከጎረቤቴ ጋር የሚመክር የለም። እኔ የአገሩ ስም ይሻላል ባይ ነኝ። ይሻላል የምለው ግን መዝገብ ያዡ የአገር ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ክልከላውን በጽሑፍ የሚሰጥና ከሱ ውጭ የሆነ ዳኛ ያለበት እንደሆነ ነው። ያለዚያ ጎረቤቴን የምመክርበት አንደበት የለኝም።

ነገሩ ደግሞ ወደ ፊደላችንም መጥቷል። የግእዝ ፊደል በበላይ መዝገቡ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስነውን ደንብ ፊደሉን የሚያውቁ ባለሙያዎች አርቅቀው በ2017 አቅርበዋል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ስም ናቸው። አንዱ በአንደኛው ሱቅ ቢከፍት፣ ሌላው በሁለተኛው ተደርቦ ደንበኛውን ሊወስድበት ይገባል? በኛ በአንባቢዎችና በጸሐፊዎች መካከል ስለ ሞክሼ ሆሄያት ስንት ዘመን ስንነታረክ ኖረናል! ረቂቁ ለማንም ሰው አስተያየት ክፍት ሆኖ ቀርቦ ነበር። ያ በር እንኳ ተዘግቶ አልነበረም።